ላዳዋ ዛሬ ተከፈተች

የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ በብሎኩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) እንደተቃጠለ ካወቅኩ ሰንብቻለሁ። ላዳዋ ውኃ ትጠጣለች፤ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ ታወጣለች፤ የዘይቱ መለኪያ ሲመዘዝ ማኪያቶ ይመስላል። ዛሬ ከሰፈራችን መካኒክ ከጋሼ ጋር ሞተሯን ከፈትነው።

ጓርኒሲዮኑን ቀድሜ ከሶማሌ ተራ ገዝቻለሁ። የ1500 ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኔዋ 1600 ስለሆነች 79። ሻጩ «ያው የላዳ ነው» ብሎኝ ነበር። ያው አይደለም! ጠባቡ ከተገጠመ ጠርዙ ሲሊንደሩ ውስጥ ብቅ ይልና እሳት ይበላዋል።

ቀኑን የበላው ጽዳቱ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ስለሆነ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። በመሀል ያለው ጓርኒሲዮን ይህን ሁሉ ችሎ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ፊታቸው ላይ የአሮጌው ቅሪት መቅረት የለበትም። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ተልጎ መጥቷል። የብሎኑን ቀዳዳዎች በኮምፕሬሰር ነፋናቸው። ብዙ ሰው ይቺን ይዘላታል። ውስጡ ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ጋሼ ጓርኒሲዮኑን ግራሶ ሊቀቡት ነበር።

«ጋሼ፣ ደረቁን ይሁን።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ስንቱን ገጥሜያለሁ!»

እውነታቸውን ነው፣ ስንቱን ገጥመዋል። ግን ደረቁን ገባ። ቶርክ ሬንች (ብሎን ሲጠብቅ ጉልበቱን የሚለካ ቁልፍ) ተውሼ ሳመጣም ሳቁብኝ፤ እጃቸው ያውቃል። የሳቸው እጅ ሊያውቅ ይችላል፤ የኔ ግን አያውቅም። አስሩን ትልልቅ ብሎኖች ከመሀል ጀምረን ወደ ዳር እየወጣን መጀመሪያ ከ33 እስከ 41 ኒውተን ሜትር አጠበቅናቸው፤ በሁለተኛው ዙር ከ96 እስከ 118። ከዳር ከተጀመረ መሀሉ ተነፍቶ ይቀራል። አስራ አንደኛዋ ትንሽ ብሎን መጨረሻ ላይ ገባች፤ እሷ 31 እስከ 39 ይበቃታል። የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከልነው።

ተነሳች። ጭስ የለም።

አሁን የምንከራከረው አሮጌውን ማን አቃጠለው በሚለው ነው። ጋሼ ተርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀውን) ይጠረጥራሉ። እኔ የራዲያተሩን ክዳን ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ በደህና ሙቀቱም ለመፍላት ጥቂት ነው የሚቀረው። ለማንኛውም ሁለቱንም እቀይራለሁ።