ከኔትቡክ እስከ ስልክ፦ ባትሪ የማይጨርስ ፕሮግራም ስለ መጻፍ

አክስቴ በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ ደሴ ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነበሩ። ከዓመታት በፊት ዘመድ ከውጭ የላከላቸውን አንድ ያገለገለ ኔትቡክ (ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ) አስተካክዬ፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስን ጭኜ፣ ራሴ የጻፍኩትን የአማርኛ መዝገበ ቃላት አክዬበት ሰጠኋቸው። ማሽኑ ሲመጣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር የተጫነበት፤ ኤክስፒ ደግሞ የፊደላችን ፎንት አብሮት ስለማይመጣ (ኒያላ የተባለው ፎንት የተካተተው ከኤክስፒ ቀጥሎ ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነው) አማርኛው ሁሉ የባዶ ሣጥን ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ከሰጠኋቸው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ መዝገበ ቃላትህስ ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ከተከፈተ ኮምፒውተሩ ይሞቃል፣ ባትሪውም እንደ ወትሮው አይቆይም። ምንም ሳልነካው፣ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ እንኳ ያልቃል» አሉኝ።

ከተናገሩት ሁሉ ያሳሰበኝ «ምንም ሳልነካው» ማለታቸው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ባትሪ የሚጨርሰው እንደ ቪዲዮና ጨዋታ ያለ ከባድ ሥራ ነው ብዬ አምን ነበር። የእኔ ፕሮግራም ግን አንድ ቃል ተጽፎለት ትርጉሙን ካሳየ በኋላ ቀጣዩን ቃል ከመጠበቅ በቀር የሚሠራው ነገር አልነበረውም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ፕሮግራም ኃይል የሚበላበትን ምክንያት ለማወቅ የማሽኑን ጠባይ ከሥሩ ማጥናት ነበረብኝ፤ ዛሬ ለስልክ ስጽፍ የምከተላቸውን ልማዶች አብዛኞቹን ያገኘሁት ከዚያ ጥናት ነው።

የኔትቡክን ገበያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አሱስ ኢ ፒሲ 701 ነው። ስክሪኑ 7 ኢንች፣ ሚሞሪው 512 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 4 ጊጋባይት ነበር፤ 900 ሜጋኸርትዝ የሚችለው የሴሌሮን ፕሮሰሰሩም ከፋብሪካ ሲወጣ በ630 ሜጋኸርትዝ ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። በዓመቱ ኢንቴል አቶምን አወጣ። በአክስቴ ኔትቡክ ውስጥ የነበረው አቶም ኤን270 በ1.6 ጊጋኸርትዝ የሚሠራና የኃይል ጣሪያው 2.5 ዋት የሆነ ፕሮሰሰር ነው። በጊዜው ለነበሩት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ይህ እጅግ ትንሽ ቁጥር ነበር፤ ቁጠባው የተገኘበት መንገድ ግን ፕሮግራም የሚጽፈውን ሰው በቀጥታ ይመለከተዋል። ትልልቆቹ ፕሮሰሰሮች አንዱ ትእዛዝ ከሚሞሪ ዳታ እየጠበቀ ሳለ ከኋላው ያሉትን ትእዛዞች ቀድመው ያስኬዳሉ፤ የዚያን ጊዜው አቶም ግን በተራ ብቻ ነበር የሚሄደው። በጠባብ ድልድይ ላይ ፊተኛው መኪና ሲቆም የኋለኞቹ ሁሉ እንደሚቆሙት፣ አንዱ ትእዛዝ ዳታ ካልደረሰለት ሁሉም ይጠብቃሉ። በመሆኑም ዳታውን ከሚሞሪ ጥግ ጥግ እየለቀመ የሚሠራ ኮድ ትልቅ ማሽን ላይ ጉድለቱ ባይታወቅበትም አቶም ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን እንቅልፍ ነው። ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ደረጃ በደረጃ ይተኛል፤ መጀመሪያ የሰዓት ምቱን ያቆማል፣ ቆየት ሲል ቮልቴጁን ይቀንሳል። እንቅልፉ በጠለቀ መጠን የሚበላው ኃይል ያንሳል፤ ለመተኛትና ለመንቃት የሚፈጅበት ጊዜና ኃይል ግን ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ረዥም እንቅልፍ ከብዙ አጫጭር እንቅልፎች እጅግ ይሻላል፤ ሌሊቱን ሙሉ በየአሥር ደቂቃው የሚቀሰቀስ ሰው ተኝቶ አደረ እንደማይባል ሁሉ ፕሮሰሰርም እንደዚያው ነው። ሊኑክስ ራሱ ቀደም ሲል ሥራ ኖረም አልኖረም ፕሮሰሰሩን በሰከንድ 250 ወይም 1,000 ጊዜ ይቀሰቅሰው ነበር። በ2007 በወጣው 2.6.21 በተባለው ሥሪት ይህ የመቀስቀሻ ምት ሥራ በሌለበት ጊዜ እንዲቆም ሲደረግ፣ በምቱ ተሸፍኖ የቆየው የሌሎቹ ፕሮግራሞች ጥፋት ገሃድ ወጣ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ፓወርቶፕ የተባለውን መሣሪያ በነጻ ለቀቀ። ፓወርቶፕ ፕሮሰሰሩን ማን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀሰቅሰው በስም እየጠራ ይዘረዝራል።

ለፋሲካ ደሴ በሄድኩ ጊዜ ቻርጀሩን ነቅዬ ፓወርቶፕን አስነሳሁ። ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው የእኔው ፕሮግራም ስም ነበር። መስኮቱ ተከፍቶ ከመቀመጡ በቀር ማንም ሳይነካው ፕሮሰሰሩን በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይቀሰቅስ ነበር። ኮዱን ገልጬ ሳየው ምክንያቱ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። ተጠቃሚው ከሌላ ጽሑፍ ላይ ቃል ኮፒ ሲያደርግ ትርጉሙ ወዲያው እንዲወጣለት ብዬ፣ ክሊፕቦርዱን (ኮፒ የተደረገው ነገር የሚቀመጥበትን ቦታ) በየ100 ሚሊሰከንዱ «አዲስ ነገር አለ ወይ?» እያልኩ እጠይቀው ነበር፤ ይህ በሰከንድ 10 ጊዜ ማለት ነው። የቀረውን 20 የምትወስደው ደግሞ ከመስኮቱ ጥግ ያስቀመጥኳት፣ ቀስ እያለች የምትደምቅና የምትደበዝዝ ትንሽ ምልክት ነበረች። ምልክቷን እዚያው አጠፋኋት። ክሊፕቦርዱንም ቢሆን ከመነሻው እየደጋገሙ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በውስጡ ያለው ነገር ሲለወጥ መስኮቶቹን የሚያስተዳድረው ሥርዓት ራሱ ያሳውቃል። ከፕሮግራሙ የሚጠበቀው «ሲለወጥ ቀስቅሱኝ» ብሎ ተመዝግቦ መተኛት ብቻ ነው። ለውጡ ከአሥራ አምስት መስመር ኮድ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ፓወርቶፕን እንደገና ሳስነሳ የፕሮግራሜን ስም በዝርዝሩ ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ብዙ ሰው ካመሰገነኝ ሥራ ይልቅ ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ይበልጥብኛል።

ቀጥሎ ያስተካከልኩት ፍለጋውን ነው፤ ይህኛው ከፊደላችን ጋር ስለሚገናኝ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ጽሑፍ ዩቲኤፍ-8 በተባለው፣ ፊደላትን በቁጥር በሚያስቀምጠው ዘዴ ሲቀመጥ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። መዝገበ ቃላቴ 30,000 ያህል ቃላት ነበሩት፤ አንዱን ቃል በአማካይ በአራት ፊደል ብናስበው የቃላቱ ዝርዝር ብቻ 360,000 ባይት ይሆናል ማለት ነው። የኤን270 ሁለተኛ ደረጃ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) ደግሞ 512 ኪሎባይት ሲሆን፣ እሱንም ማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ይጋራዋል። አክስቴም በበኩላቸው ሌላ ቅሬታ ነበራቸው፦ እሳቸው «ፀሐይ» ብለው ሲጽፉ ቃሉ ይገኛል፤ ተማሪዎቻቸው «ጸሀይ» ብለው ሲጽፉ ግን አይገኝም።

ቅሬታውን ለመፍታት ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለፍለጋ ብቻ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ አደረግሁ። ይህን ስሠራ ያላሰብኩት ጥቅም ተገኘ። ቨን ጨምረን 34 ከምንቆጥራቸው የአማርኛ ቤቶች አምስቱ ሲቀነሱ 29 ይቀራሉ፤ 29 በሰባት ሲባዛ 203 ነው፤ እንደ ቋ፣ ጓ እና ሏ ያሉት ዲቃላ ፊደላት ሲታከሉበትም ድምሩ ከ256 በታች ይሆናል። አንድ ባይት መያዝ የሚችለው ደግሞ ልክ 256 የተለያዩ ዋጋዎችን ነው። ስለዚህ ለፍለጋው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት በቃው፤ ዝርዝሩ ወደ 120,000 ባይት ወርዶ ካሹ ውስጥ ተመቻችቶ ገባ። በተራ ስለተደረደረም የተፈለገውን ቃል ለማግኘት የቀረውን ዝርዝር በየጊዜው ግማሽ በግማሽ እየጣሉ 15 ጊዜ ማወዳደር ይበቃል፤ ፕሮሰሰሩ ነቅቶ ሥራውን በቅጽበት ይጨርስና ተመልሶ ይተኛል። ለንባብ የሚቀርበው ቃል ግን በትክክለኛ ፊደሉ ነው፤ ፀሐይ በፀሐዩ «ፀ»፣ ንጉሥም በንጉሡ «ሠ» ይታያሉ። በዚህ ረገድ አክስቴ አንዲት ስሕተት አያሳልፉም።

የተቀሩት እርማቶች ቀላል ነበሩ። የኔትቡኩ ስክሪን 1024 በ600 ስለነበር፣ በትልቅ ስክሪን ላይ የሠራሁት የማስተካከያ መስኮት ሲከፈት «እሺ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ይቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ መስኮት የምቀይሰው ከትንሹ ስክሪን ተነሥቼ ነው።

የኔትቡክ ዘመን ብዙ አልቆየም። በ2010 አይፓድ ወጣ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሰዉ ሁሉ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ፤ እኔም መዝገበ ቃላቱን ወደ አንድሮይድ አሻገርኩት። ስልክ ላይ ከፕሮሰሰሩ እንቅልፍ በተጨማሪ የኔትወርክ ሬዲዮው እንቅልፍ አለ። በ3ጂ ኔትወርክ ስልኩ አንዲት አጭር መልእክት ከላከ በኋላ ሬዲዮው ሌላ ሊመጣ ይችላል ብሎ ለተወሰኑ ሰከንዶች በሙሉ ኃይሉ ይቆያል፤ ቀጥሎ ወደ መካከለኛ ደረጃ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው አንዳንድ መስመር የሚልክ አፕ፣ ያንኑ ሁሉ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ከሚልክ አፕ ይልቅ ብዙ እጥፍ ባትሪ ይፈጃል።

አገር ቤት ያለው ሰው ዳታ የሚጠቀምበት መንገድ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ሰው ፓኬጁ እንዳያልቅበት ዳታውን ዘግቶ ይውልና ሲፈልግ ከፍቶ፣ መልእክቱን አይቶ፣ መልሶ ይዘጋል። እኔ «የዕለቱ ቃል» የሚባል ነገር አፑ ላይ ስጨምር ስልክ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ አድርጌ ነበር ያሰብኩት፤ ኮዱ ግንኙነት ሲያጣ ከ30 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይሞክራል። ዳታው ለአሥር ሰዓት የተዘጋ ስልክ ላይ ይህ 1,200 ከንቱ ሙከራ ነው። አሁን ዳታ ሲከፈት ሥርዓቱ ራሱ እንዲያሳውቀኝ ተመዝግቤ እጠብቃለሁ፤ ከዚያም የሰባት ቀን ቃላት በአንድ ጊዜ አመጣለሁ። የክሊፕቦርዱን ስሕተት ከዓመታት በኋላ ሌላ ልብስ አልብሼ ደግሜው እንደነበር የገባኝ ይህን ሳስተካክል ነው።

ጉግል በ2014 በአንድሮይድ 5.0 ፕሮግራሞች ሥራቸውን «ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን» ወይም «ዋይፋይ ሲያገኝ» ብለው ቀጠሮ የሚያስይዙበትን መንገድ አመጣ፤ በ2015 ደግሞ 6.0 ላይ ዶዝ የተባለውን አስገባ። ስልኩ ከቻርጀር ተነቅሎ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነቃነቅ ከቆየ፣ ዶዝ የሁሉንም አፕ የጀርባ ሥራ አቁሞ አልፎ አልፎ በሚከፍታት አጭር ፋታ ውስጥ ብቻ ያሠራቸዋል። ሥራችን ተስተጓጎለ ያሉ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ጉግል ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ባትሪው የባለ ስልኳ እንጂ የአፑ አይደለም፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ስልኳ ውስጥ የቀረችውን 12 በመቶ ለምን እንደምታውላት የመወሰን መብቱ የእሷ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የያዝኩት ሥራ የሚላላውንና የሚጠብቀውን ፊደል መለየት ነው። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን ያው ነው። ብዙ ተጠቃሚዎች ድምፅ እንድጨምር ጠይቀውኛል። አንዱ ቃል 5 ኪሎባይት ቢወስድ እንኳ 30,000ው ቃል 150 ሜጋባይት ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ማከማቻው በፎቶ በሞላ ስልክ ላይ መጫን አልፈልግም። ለእያንዳንዱ ፊደል አንዲት ቢት ብንመድብለትና ከጠበቀ 1፣ ከላላ 0 ብንል፣ እስከ ስምንት ፊደል ላለው ቃል አንድ ባይት ይበቃል፤ ድምሩ 30 ኪሎባይት ብቻ ነው። የጠበቀውን ፊደል በደማቅ ቀለም አሳየዋለሁ፤ ድምፅ የምቀዳው ለሚያምታቱት ቃላት ብቻ ነው። የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ እየለዩ የሚመዘግቡት አክስቴ ናቸው። ከ«ሀ» እስከ «መ» ያለውን ባለ መስመር ደብተር ላይ ጽፈው፣ ፎቶ አስነሥተው ልከውልኛል፤ በዚህ ሳምንት «ረ»ን ጀምረዋል።