ገዝቶ ማሟላት ወይስ ከባዶ መገጣጠም፦ ለቅዳሜ ማታ ጨዋታ የሚሆን ዴስክቶፕ በጅማ

በቤታችን አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ጉዳይ ይፈለጋል። በሥራ ቀናት ማታ ማታ ከቢሮ ይዤው የምመጣውን ሒሳብ በፒችትሪና በኤክሴል እሠራበታለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ ጋር ሁለት ሰዓት ያህል እግር ኳስ ወይም የመኪና እሽቅድምድም እንጫወታለን። ይህን ሁሉ ችሎ የኖረው ላፕቶፓችን ባለፈው ክረምት፣ መብራት ጠፍቶ በኃይል በተመለሰበት አንድ ምሽት ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ዴስክቶፕ እንዲገዛ ሁላችንም ተስማማን፤ ያልተስማማነው ያለቀለት ይገዛ ወይስ ዕቃው ተለቃቅሞ ይገጣጠም በሚለው ላይ ነበር።

አዲስ አበባ ምህንድስና የሚማረው የእህቴ ልጅ መገጣጠምን አጥብቆ መከረኝ። ምክንያቱም ትክክል ነው፦ የሚገጣጥም ሰው እያንዳንዱን ዕቃ ራሱ ይመርጣል፣ ለማያስፈልገው ነገር አይከፍልም፣ ነገ አቅም ሲያገኝ አንዱን አውጥቶ የተሻለውን ይተካል። እኔም ለጥቂት ሳምንታት በዚሁ ሐሳብ ተይዤ ዋጋ ስጠይቅ ሰነበትሁ። በመጨረሻ ግን ጅማ ለሚኖርና በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚጫወት ሰው፣ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ አንድ ተስማሚ ግራፊክስ ካርድ (የጨዋታውን ምስል የሚሠራውን ዕቃ) መጨመር ይሻላል የሚል አቋም ያዝሁ። ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ የዋጋው ልዩነት ብቻ አይደለም።

ስለ ዋጋ በብር ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍሁት በሚቀጥለው ወር አንባቢን ያሳስታልና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ በዶላር የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ረግቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደግሞ የራም (የኮምፒውተር ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) አምራቾች ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች በብዛት ማቅረብ በመጀመራቸው፣ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም አሻቀበ። ይህ የሚጎዳው በተለይ የሚገጣጥመውን ነው፤ ያገለገለ ዴስክቶፕ የሚገዛ ሰው ራሙንም፣ ኬዙንም (ሳጥኑን)፣ ፓወር ሰፕላዩንም (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለውን)፣ ብዙ ጊዜ ሕጋዊ ዊንዶውሱንም በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ይወስዳል። እኔ ባገኘሁት ዋጋ አዲስ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) እና ራም ብቻ ተደምረው፣ ሙሉ ሆኖ ከሚሸጠው ስላሽ (ያገለገለ) ዴስክቶፕ በልጠዋል።

ከዋጋው የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ዕቃው ችግር ቢኖርበት ማን ይፈታልኛል የሚለው ነበር። የእህቴ ልጅ ለራሱ የገጣጠመው ራይዘን 5 5600ጂ የተባለውን ፕሮሰሰር ይዞ ነው። ይህ ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2021 ገበያ ላይ የዋለ፣ ስድስት ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ ክፍሎች) ያለውና ውስጡ ግራፊክስ የተሠራለት በመሆኑ ለብቻው ካርድ ሳይገዛለት ቀላል ጨዋታዎችን ያጫውታል። ሆኖም የገዛው ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩ ከመውጣቱ በፊት የተመረተ ስለነበር ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) አላወቀውም፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። መፍትሔው ባዮሱን ማደስ ነው፤ ለማደስ ደግሞ ማዘርቦርዱ የሚያውቀው የቀድሞ ትውልድ ፕሮሰሰር ለጊዜው መሰካት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፕሮሰሰር በመሳቢያው ያለው ባለሙያ በግማሽ ቀን ተገኝቶ ነገሩ ተፈታ። እኔ ግን ይህንኑ ጥያቄ ጅማ ውስጥ ለማውቃቸው ጥገና ቤቶች ሳቀርብ፣ ሁሉም ማዘርቦርዱን ወደ አዲስ አበባ መላክ እንደሚሻል ነገሩኝ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ሄዶ የሚመለስ ማዘርቦርድ በመንገድ ምን እንደሚደርስበት ማን ያውቃል? ያለቀለት ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ሱቁ ውስጥ አስነስቼው፣ ሲሠራ አይቼ፣ እጄ ላይ ይዤው ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

እዚህ ላይ ለመገጣጠም የወሰነ አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልጨምር። በ5600ጂ ዓይነት ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማህደረ ትውስታ የለውምና ከራሙ ይጋራል። ስለዚህ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከመሰካት ሁለት ባለ 8 ጊጋ መሰካት በጨዋታ ላይ ጉልህ ልዩነት ያመጣል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ አንዱን ብቻ የሰካ ሰው፣ የከፈለበትን አቅም ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ዴስክቶፑን ያገኘሁት በእኛው በጅማ መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። ቴክኒሻኑ ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው፤ በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋውጠን ጉዳዬን ስነግረው ሁለት ኦፕቲፕሌክሶችን (የዴል የቢሮ ዴስክቶፖች ናቸው) ጠረጴዛው ላይ አቀረበልኝ። አንዱ ባለ 6ኛ ትውልድ፣ ሌላው ባለ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነበር። የመጀመሪያው በዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ስለሆነ፣ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ለሚሠራበት ሰው ሁለተኛው ይሻላል። የሁለተኛው ፕሮሰሰር፣ ኮር አይ5 8500፣ አራት ሳይሆን ስድስት ኮር ያለው መሆኑም ለጨዋታው ጠቅሞናል።

ወጣቱ የሁለተኛውን ጎን ክዳን ከፈተና የስልኩን ባትሪ አብርቶ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። 260 ዋት ይላል። ከዚያ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ገመድ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄንን ልብ ይበሉ፤ ይሄ እንደ ተራው ባለ 24 ፒን አይደለም። ፓወሩ ቢቃጠል ገበያ ላይ ያገኙትን ገዝተው አይሰኩበትም፣ የራሱን ነው የሚፈልገው” አለኝ። ሊሸጥልኝ የቀረበውን ዕቃ ጉድለት አስቀድሞ ስለነገረኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። መገጣጠም በእርግጥ የሚበልጥበት ቦታም ይኸው ነው፤ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መደበኛ መጠንና መሰኪያ ስላለው በማንኛውም ይተካል፣ ባለ 500 ወይም ባለ 600 ዋት ከሆነ ደግሞ ትልቅ ካርድ ይሸከማል። ዘንድሮ በቀላሉ ጀምሮ ከርሞ ከባድ ካርድ ሊጨምር ያሰበ ሰው የቢሮ ዴስክቶፕ ቢገዛ ይጸጸታል።

እኔ ግን ትልቅ ካርድ አልፈለግሁም። የግራፊክስ ካርድ መሰኪያው ራሱ እስከ 75 ዋት ድረስ ለካርዱ ይሰጣል፤ በዚህ ልክ የተሠራ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ አይጠይቅም። የቢሮ ዴስክቶፕ ለሚገዛ ሰው ምርጫው ያለው በዚህ ወሰን ውስጥ ነው። የኤንቪዲያ ኩባንያ ካርዶች የሆኑት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና ጂቲኤክስ 1650 ሁለቱም 75 ዋት ሲሆኑ ባለ 4 ጊጋ ናቸው፤ የኋለኛው በአቅም ይበልጣል። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ ካርዱ 75 ዋት፣ ቀሪው ዕቃ ሁሉ ወደ 40 ዋት ብንለው ከ260 ዋቱ በቂ ትርፍ ይኖራል። ከ1650 መካከል ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚጠይቁ ሞዴሎች ስላሉ፣ ከመግዛት በፊት ጫፉ ላይ መሰኪያ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ጂቲ 1030 ደግሞ በአንድ ስም፣ በማህደረ ትውስታው የሚለያይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሸጣል፤ ጂዲዲአር5 የሚለው ደህና ነው፣ ዲዲአር4 የሚለው ግን የማህደረ ትውስታው ፍጥነት ከመጀመሪያው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው።

የኬዙም መጠን መታየት አለበት። ከቢሮ የሚወጡት ብዙዎቹ ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ባይዙም መደበኛ ቁመት ያለው ካርድ አይገባባቸውም፣ ለእነሱ የሚሆነው አጭር ካርድ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ወፈር ብሎ የሚቆመውን ታወር መጠየቅ ይገባል።

አሁን ያዘንሁበትን ልናገር። ካርዱን በመጀመሪያ የገዛሁት በስልክ ከተዋወቅሁት አንድ ሻጭ ነበር። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ የሚል ተለጥፎበት፣ በካርቶን ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ረዳት እጅ መጣ። ስንሰካው ምስል ሰጠ፣ ልጄም በደስታ ጮኸ፤ ከኤንቪዲያ የወረደው ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ግን አልጫን አለ። ወጣቱ ቴክኒሻን ጂፒዩ ዜድ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሲከፍት፣ ከካርዱ ስም ፊት ሐሰተኛ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ወጣ። ካርዱ ብዙ ዓመት ያለፈበት ቺፕ ሆኖ፣ ስሙ ብቻ በባዮስ ተቀይሮ ነበር። ሻጩ ስልኬን ማንሳት ተወ፤ ገንዘቤም ውሃ በላው። ልጄ ምንም ሳይናገር ካርዱን መልሶ በካርቶኑ ሲጠቀልል ማየት ከገንዘቡ በላይ ከበደኝ።

ከዚያ የተማርሁትን ምልክት ለሌላው ማካፈል ግዴታዬ ይመስለኛል። የ10 ተከታታይ የሚባሉት የኤንቪዲያ ካርዶች፣ 1050 ቲአይንም ጨምሮ፣ አናሎግ ምስል ማውጣት የተወ ትውልድ ናቸው። ስለዚህ በ1050 ቲአይ ስም በሚሸጥ ካርድ ጀርባ ላይ ያ ሰማያዊው ባለ 15 ቀዳዳ የቪጂኤ መሰኪያ ካለ፣ ከመክፈል በፊት አጥብቆ መጠርጠር ይገባል። የእኔው ካርድ ይኸው ሰማያዊ መሰኪያ ነበረው፤ ሻጩ በላከልኝ ፎቶግራፍ ላይ እንኳን በግልጽ ይታይ ነበር፣ እኔ ግን ምን እንደሚያመለክት አላወቅሁም። ሁለተኛውን ካርድ፣ 1650ውን፣ የገዛሁት ሱቅ ውስጥ ተሰክቶ በጂፒዩ ዜድ ከታየ፣ ድራይቨሩም ከተጫነና ለሃያ ደቂቃ ጨዋታ ላይ ከቆየ በኋላ ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ ተሟልቶ ሲቆም ለምን ያህል ጨዋታ ይበቃል? ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 የተባለ ጨዋታ የሚመክረው ባለ 2 ጊጋ ጂቲኤክስ 660 ካርድና 8 ጊጋ ራም ነው፤ የእኛው ያለ ችግር ያልፈዋል። የእግር ኳስ ጨዋታዎቹም በመካከለኛ ጥራት በደንብ ይሄዳሉ። ዘንድሮ የሚወጡ ከባድ ጨዋታዎች 4 ጊጋ ያለውን ካርድ ያስጨንቁታል፤ ለእኛ ቅዳሜ ማታ ግን አያስፈልጉንም። 5600ጂን ገጣጥመን ያለ ካርድ ብንቀር ኖሮ የምናገኘው የግራፊክስ አቅም ከ1650ው ግማሽ ባልሞላ ነበር።

ካርዱን ከመግዛቴ በፊት ለዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ገንዘብ መድቤ ነበር፤ ይህን ቅደም ተከተል ማንም እንዲያዛባ አልመክርም። ዩፒኤስ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ ቢጻፍ 650 ዋት ማለት አይደለም፤ በአብዛኛው ከ400 ዋት በታች ነው። የእኛ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ጨዋታ ላይ ሳለ ከ200 ዋት ብዙም ስለማያልፍ፣ መብራት ሲሄድ ጨዋታውን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት በቂ ደቂቃ ይሰጠናል። ከባድ ካርድ የተሰካበት ኮምፒውተር ከሆነ ዩፒኤሱም ማደግ አለበት፤ ይህ ወጪ ገጣጣሚዎች በሚያወጡት ዝርዝር ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የጅማ እርጥበትም የራሱ ጣጣ አለው። በዝናቡ ወራት ኮምፒውተሩ አንድ ቀን አልነሳ ብሎ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ልጄ ክዳኑን ከፍቶ ራሙን አወጣ፤ ወርቅማ ጥርሶቹ ላይ ስስ የሆነ ግራጫ ነገር ይዟቸው ነበር። በትምህርት ቤት ላጲሱ ቀስ እያለ ጠርጎ፣ ፍርፋሪውን እፍ ብሎ አራግፎ መልሶ ሰካው፤ ተነሣ። ወለል ላይ የነበረውን ኮምፒውተር ከዚያን ቀን ወዲህ ከግድግዳው አራቅ አድርገን በእንጨት ማስቀመጫ ላይ አቁመነዋል።

አሁን የቀረን ሁለተኛው ባለ 8 ጊጋ ራም ነው። ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ፒችትሪና ብሮውዘር አብረው ሲከፈቱ ይከብደዋል። ዋጋው እስኪረጋጋ እንድንጠብቅ የመከረን ያው ወጣት ነው፤ ከቢሮ የወጣ ሌላ ኦፕቲፕሌክስ ሲፈታ ከእሱ የሚገኘውን ራም እንደሚያስቀምጥልን ቃል ገብቶ የልጄን ስልክ ቁጥር መዝግቧል።