የአባባ ፊርማና 653 ድምፅ

ይህን የምጽፈው አባት ወይ እናት አሜሪካ አምጥታችሁ ዜግነት ላስያዛችሁ ነው። በፖስታ በሚላክ የምርጫ ወረቀት ላይ የሚፈረመው ፊርማ ከመዝገቡ ጋር መመሳሰል እንዳለበት ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አባባ ያን ሁሉ ባልተንገላቱ ነበር።

የምንኖረው ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ 45ኛው የኮንግረስ ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ውስጥ ነው። ከኦሬንጅም ከሎስ አንጀለስም ካውንቲ ከተሞች አሉበት። በ2024 ወንበሩን ይዛ የነበረችው ሪፐብሊካኗ ሚሼል ስቲል ናት፤ ትውልዷ ሴኡል ነው። የተፎካከራት ዴሞክራቱ ዴሪክ ትራን ደግሞ ከቬትናም የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጅ ነው። አባባ ዜግነት ካገኙ የመጀመሪያ ምርጫቸው ስለነበር የሁለቱንም ታሪክ ቁጭ ብለው አስነበቡኝ። ማንን እንደመረጡ የሳቸው ጉዳይ ነው፤ አልናገርም።

ምዝገባው ቀላል ነበር፤ የስቴት መታወቂያ (አይዲ) ሲያወጡ እዚያው ዲኤምቪ፣ መንጃ ፈቃድና መታወቂያ የሚሰጠው ቢሮ፣ ተመዘገቡ። ካሊፎርኒያ ለተመዘገበ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ትልካለች። ኦክቶበር ላይ መጣ። አንድ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሞላነው፣ በማግስቱ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ጥፋቱ የተሠራው ያን ማታ ነው። የፖስታው ጀርባ ላይ መፈረም ያስፈልጋል። እኔ ስልክ እያወራሁ በጣቴ ቦታውን አሳየኋቸውና «እዚህ ጋ ይፈርሙ አባባ» አልኳቸው። አባባ አገር ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረዋል። የተማሪ ካርድ ላይ ሲፈርሙ እንደኖሩት በአማርኛ ፊደል ፈረሙ፤ ሦስት ፊደል፣ የመጨረሻው ጅራቱ ወደ ኋላ ዞሮ ሌሎቹን ያቅፋል። ደስ አለኝ። ዲኤምቪ ግን «በእንግሊዝኛ ይሻላል» ብዬ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ያለማመድኳቸው እኔው ነበርኩ። መዝገቡ ላይ ያለው ያ ፊርማ ነው። ፖስታው ሲደርስ የሚመሳከረው ከሱ ጋር ነው። ካልተመሳሰለ ውስጡ ያለው ወረቀት አይቆጠርም።

የምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 5፣ አለፈ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስቲል ትመራ ነበር፤ ከዚያ ልዩነቱ በየቀኑ እየጠበበ መጣ። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እያቁላላሁ በር ተንኳኳ። አንዲት ወጣት የአባባን ስም የያዘ ወረቀት ይዛ ቆማለች። «የአባትሽ ፊርማ ችግር አለበት፣ ማስተካከል ይቻላል» አለችኝ። አጭበርባሪ መሰለችኝ። የሽማግሌ ስምና አድራሻ ይዞ በር የሚያንኳኳ ማን ነው? «አንፈልግም» ብዬ በሩን ዘጋሁባት። እስካሁን ይቆጨኛል። ልጅቷ እውነቷን ነበር። ውጤቱ ሲቀራረብ ሁለቱም ፓርቲዎች ፊርማቸው ተቀባይነት ያላገኘላቸውን ሰዎች ዝርዝር ወስደው ቤት ለቤት ይሄዳሉ። አትመኗት፣ ምንም ፈርማችሁ አትስጧት፤ ግን በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ወደ ምርጫ ቢሮው ራሳችሁ ደውሉ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ የተከመረውን ፖስታ አገላበጥኩ። የፒዛና የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ መሃል ፊርማው እንዳልተመሳሰለ የሚያሳውቀው የምርጫ ቢሮው ደብዳቤ ከማስተካከያ ቅጹ ጋር ተገኘ፤ ከተጻፈ ስምንት ቀን ሆኖታል። በእንግሊዝኛ ነው። አባባ አይተውት ማስታወቂያ መስሏቸው ነው ያስቀመጡት።

ሰኞ ምርጫ ቢሮው ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ ያነሳው ሰውዬ «ቅጹ ላይ ልክ ፖስታው ላይ እንደፈረሙት ይፈርሙ» አለኝ። አንድ ነገር ከነከነኝና ቆይቼ እንደገና ደወልኩ። ሁለተኛዋ «ኧረ በፍጹም! መዝገቡ ላይ እንዳለው ነው» አለች። የመጀመሪያውን ሰምቼ ቢሆን ቅጹም በተመለሰ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ሥራው የሰው ድምፅ ነው፤ እንዴት ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይሰጣል?

ደብዳቤው ቅጹን በፖስታ ወይም በኢሜይል መላክ ይቻላል ይላል። እኔ ግን በአካል ሂዱ ነው የምለው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ አባባን ይዤ ሄድኩ። «መዝገቡ ላይ ያለውን ፊርማ አሳዩን» ብል አይቻልም አሉኝ፤ «አይዲያቸውን ይመልከቱ»።

አባባ ቦርሳቸውን አወጡ። አይዲውን ከመነጽራቸው ሥር አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ይቺ የኔ ናት?»

«አዎ አባባ።»

«እኔ እንዲህ አልፈርምም እኮ።»

ከኋላችን ሰልፍ አለ። ባዶ ወረቀት ለመንኩላቸው። አይዲውን ግራ እጃቸው ላይ ይዘው አራት ጊዜ ተለማመዱ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጅ ጽሕፈት ያረሙ ሰው፣ የራሳቸውን ስም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየገለበጡ። ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ። በአምስተኛው ቅጹ ላይ ፈረሙ። ሠራተኛዋ አየችው፣ አየችውና «ጥሩ ነው» አለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኬ ላይ መቆጠሩን የሚያሳውቅ መልእክት መጣ። ያን ያወቅኩት የድምፅ ወረቀቱ የት እንደደረሰ በስልክ መልእክት ለሚያሳውቀው ክትትል ዘግይቼም ቢሆን በመመዝገቤ ነው። እናንተ ወረቀቱ ቤት በገባ ቀን ተመዝገቡ፤ ነፃ ነው፣ ችግር ካለም ከደብዳቤው ቀድሞ ይነግራችኋል። ደግሞ እስከ ምርጫው ቀን የፖስታ ማህተም ካረፈበት ይቆጠራል ቢባልም እስከዚያ አትጠብቁ። ቀደም ብሎ የተላከ ለማረም ጊዜ ይሰጣል።

ስቲል ሽንፈቷን የተቀበለችው ኖቬምበር 27 ነው። ከ315 ሺህ በላይ ድምፅ ውስጥ ልዩነቱ 653 ነበር። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ 13ኛው ዲስትሪክት ደግሞ አዳም ግሬይ ወንበሩ ላይ የነበረውን ጆን ዱዋርቴን በ187 ድምፅ አሸነፈ፤ በ2022 ዱዋርቴ እሱን ያሸነፈው በ564 ነበር። ለአባባ ቁጥሮቹን ሳነብላቸው «እኛን ቆጥረውናል?» አሉ። «ቆጥረዋችኋል» አልኳቸው።

በሳምንቱ አዲስ የምዝገባ ቅጽ አመጣሁ፤ ፊርማ ለመቀየር እንደገና መመዝገብ ይቻላል። ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «በየትኛው?» ብለው ጠየቁኝ። «በራስዎ» አልኳቸው። ሦስቱን ፊደል ጻፉ፣ ጅራቱን ወደ ኋላ አዞሩት።