ከሚኒያፖሊስ ቢሊንግስ፦ ኤር ባጌ በረዶ የያዘበት ሌሊት

የከተራ ዕለት ነው የወጣሁት። ቤት ውስጥ ለጥምቀት ነጭ ልብስ ሲተኮስ እኔ ቢሊንግስ ሞንታና የሚራገፍ ሎድ (ጭነት) በትራኬ ይዤ በ94 ሀይዌይ ወደ ምዕራብ፣ 840 ማይል አካባቢ መንገድ። ፋርጎ እስክደርስ ሰላም ነበር። ከፋርጎ በኋላ ያለውን የነዳ ያውቀዋል፣ ዛፍ የለ ተራራ የለ ንፋሱን የሚመልስ ነገር የለም፣ በረዶው አስፋልቱ ላይ እንደ ጭስ እየተሳበ ነው የሚያልፈው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ኔጌቲቭ 27 ፋራናይት ይላል፣ በኛ ሴልሺየስ ወደ ኔጌቲቭ 33 መሆኑ ነው።

ጄምስታውን (ያ ከሲሚንቶ የተሰራው 26 ጫማ ትልቁ ጎሽ ያለበት ከተማ) ትራክ ስቶፕ ገብቼ 10 ሰዓት እረፍቴን ወሰድኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ልወጣ ስል ትራኩ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። የፍሬን ንፋሱ ጌጅ 120 ሞልቷል፣ የኤር ባጉ (በብረት ሞላ፣ በባሌስትራ ፋንታ ትራኩን ከስር የሚሸከመው በንፋስ የሚሞላ የጎማ ከረጢት) ጌጅ ግን ሎድ ጭኜ ሌላ ጊዜ 55፣ 60 የሚያሳየው ከ20 አልፎ አልወጣም። ባትሪ ይዤ ወርጄ ሳይ በግራ በኩል ያለው ባግ ተሸብሽቦ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ የተቀደደ መስሎኝ ነበር ግን ንፋስ የሚወጣበት ድምፅ የለም፣ ንፋሱ ጭራሽ እዛ አልደረሰም።

ከኔ በፊት ብዙ ዓመት ትራክ የነዱ፣ አገር ቤት እያሉ ደግሞ የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለሱ አንድ ጋሼ አሉ፣ በዛ ሰዓት ደወልኩላቸው። ገና እንደነገርኳቸው

«ልጄ፣ ማታ ስታቆም የንፋስ ታንኩን ውሃ አፍስሰኸው ነበር?»

«አላፈሰስኩም ጋሼ።»

«ትላንትናስ?»

ዝም አልኩ። ሶስት ቀን አላፈሰስኩም ነበር።

«በቃ ውሃው ሌቭሊንግ ቫልቩ ውስጥ በረዶ ሰርቷል። ስማኝ፣ ፈላ ውሃ እንዳትደፋበት፣ እሳትም እንዳታስጠጋ።»

እውነቱን ለመናገር ፈላ ውሃ ላመጣ ነበር ያሰብኩት። ለካ የደፋኸው ውሃ ራሱ ደቂቃ ሳይቆይ ተመልሶ በረዶ ይሆንና ችግሩን እጥፍ ያረገዋል፣ እሳት ደግሞ ቱቦው ፕላስቲክ ስለሆነ ያቀልጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከውጭ አየር ስቦ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፣ ከዛ ታንክ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይዞት የመጣው እርጥበት ውሃ ይሆናል። እሱን ለመያዝ ኤር ድራየር አለ፣ ውስጡ እንደ ትንንሽ ዶቃ ያለ ውሃ የሚመጥ ነገር የሞላበት ጣሳ ነው፣ ንፋሱ ሲሞላ ፒሽሽ የሚለው እሱ ነው፣ የሰበሰበውን ውሃ እየተፋ። ዶቃው ካረጀ ወይ ከኮምፕሬሰሩ በመጣ ዘይት ከተሸፈነ ግን ውሃው አልፎ ወደ ታንክ፣ ከታንክ ወደ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሄዳል፣ ብርድ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚደፈነው በጣም ጠባቡ ቦታ ነው። ሌቭሊንግ ቫልቩ ሎዱ ሲከብድ ንፋስ የሚያስገባ ሲቀል የሚያስወጣ እቃ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ናት፣ የኔም እዛ ላይ ነው የያዘው። አገር ቤት ባሌስትራ ላይ ላደገ ሾፌር ይሄ ሁሉ አዲስ ነው።

ባዶ ባግ ላይ መንዳት አይሞከርም፣ ሎዱም ሾክ አብዞርበሩም ይጎዳል። እዛው አጠገብ ሙቀት ያለው ሾፕ አግኝቼ በቀስታ አስገባሁትና ሁለት ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ቆመ። ሜካኒኩ የታንኩን ማፍሰሻ ገመድ ሲስበው የወጣውን ነገር ማየት ነበረባችሁ፣ ቡና በወተት የመሰለ ውሃ፣ ዘይት የተቀላቀለበት፣ ጋሼ ያሉት ልክ ነበር። ድራየሩን ሲያየው ደግሞ ታች ያለችው ማሞቂያ አትሰራም፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቷን የመንገድ ጨው በልቷታል። እሷ ካልሞቀች ውሃውን የሚተፋው ቫልቭ ራሱ ይደፈናል። ሶኬቱንም የድራየሩን ካርትሪጅም ቀየርን። ባጉ ቀስ እያለ ሲነሳ ሳይ ምን ያህል እፎይ እንዳልኩ!

ወንድሞቼ እህቶቼ፣ በዚህ መስመር የምትሰሩ ካላችሁ ታንኩን ማታ ስታቆሙ አፍስሱ፣ ገና ሞቅ እያለ ውሃው ውሃ ሆኖ ሳለ፣ ጠዋት ከሆነ በረዶ ሆኖ ታንኩ ስር ተጣብቆ ይጠብቃችኋል። ካርትሪጁን በጥር ሳይሆን በመስከረም በጥቅምት ቀይሩ። ያ የፍሬን ንፋስ መስመር ውስጥ የሚደፋው አልኮል ያለበት አንቱፍሪዝ ለጭንቅ ቀን ነው፣ በየቀኑ ከደፋችሁት ጎሚኒዎቹን (የጎማ ማሸጊያዎቹን) ያደርቃል፣ ድራየር ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይግባ፣ የትራኩ ማኑዋል ካልፈቀደ አትንኩት። ሌላ፣ ሌሊቱን በብርድ ያደረ ባግ ጎማው ደርቆ ነው የሚያድረው፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አውርዶ ማንሳት አያስፈልግም፣ ሲስተሙ ሞልቶ ትንሽ ይቆይ፣ ዙሪያው የተጋገረ በረዶ ካለም ሳትነዱ በፊት በእጅ አራግፉት።

ከቢስማርክ በኋላ ፀሐይ ወጣች፣ ብርዱ ግን ያው ነው። ግሌንዳይቭ ስደርስ ቆሜ ጓንቴን አጥልቄ ከስር ገብቼ ገመዱን ሳብኩት። ደረቅ ንፋስ ብቻ ወጣ። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው፣ ቤተክርስቲያን ነበሩ፣ ከኋላ የከበሮ ድምፅ ይሰማል፣ «ጎሽ ልጄ፣ ማታም ድገመው» አሉኝ።