አምስት ዳዶ፣ ስምንት ዳዶ

የጎማ ሥራ የተማርኩት መርካቶ ነው። አለቃዬ ጎሚስታ ነበሩ። ማሽን የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ጎማ ከቸርኬ የሚፈለቀቅበት ሁለት ፌሮ፣ አንድ መዶሻ፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት ግማሽ በርሜል ውሃ። በቃ። በዚያ ላይ እኔ አለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከመነዳሪ ስፈትግና ስለጥፍ የምውል ቀጭን ረዳት።

አሁን ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እዚህም እንጀራዬ ጎማ ነው። ልዩነቱ ሁሉንም ነገር ማሽን መሥራቱ ነው። አብሮኝ የሚሠራው የኤልሳልቫዶር ልጅ ከመነዳሪ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። «ድሮ ጎማ ውስጥ ሌላ ጎማ ነበር» ስለው የቀለድኩበት መስሎት ሳቀ።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ያ ጂፕ ግቢ ሲገባ ኃላፊያችን በቀጥታ እኔን ጠራኝ። «ይሄ ያንተ ነው» አለኝ። ትንሽ ደረቴን ነፋሁ፣ አልዋሽም።

ጂፑ የ1943 ዊሊስ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ ከ6 መቶ ሺህ በላይ ካመረቷቸው አንዱ። ቀለሙ ያ የታወቀው የወታደር አረንጓዴ፤ አንዲት ጭረት የለበትም። ኋላ ወንበሩ ላይ አምስት ባለ 6.00-16 አዲስ ጎማ፣ አምስት ከመነዳሪ፣ አምስት ፍላፕ ተቆልሏል። ፍላፕ ለማያውቅ፣ ከመነዳሪው ቸርኬውን እየነካ እንዳይበላ መሐል የሚገባ የጎማ ቀበቶ በሉት።

ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ስሜን አዩና «ኢትዮጵያዊ ነህ?» አሉኝ። አዎ ስል በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ!» ብለው እጄን ጨበጡ። ለካስ በወጣትነታቸው አስመራ ቃኘው ጣቢያ፣ አሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር በነበራቸው ጊዜ፣ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። ከአማርኛቸው የቀረው አራት ቃል ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ እሺ፣ ስንት ነው፣ ቆይ። እኔም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ጋሼ» አልኳቸው፤ ትርጉሙን ሳይጠይቁ ወደዱት።

እሳቸው ቡና ሊቀዱ ወደ ቢሮ ገቡ። እኔ በግራ የፊት ጎማ ጀመርኩ።

ቸርኬው እንግዳ ነው። መሐል ላይ፣ እምብርቱን ከበው አምስት ዳዶዎች አሉ። ከእነሱ ወጣ ብለው ደግሞ ስምንት ትናንሽ ዳዶዎች ክብ ሠርተዋል። አምስቱ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያስሩት እንደሆኑ ማንም ይገምታል። እኔም ገመትኩ። መፍቻ አስገብቼ ተጫንኩ። ንቅንቅ የለም። በእግሬ ቆምኩበት። ምንም። ሌላኛውን ሞከርኩ፣ ያው። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ብረት ነው፣ ዝገት ይዞታል አልኩ። ዘይት ረጨሁ፣ ጠበቅኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ። ጭራሽ የጠበቀ መሰለኝ።

መጥበቁስ ጠብቆ ነበር። ግን ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

ኤልሳልቫዶሩ ልጅ ቆሞ ያየኛል። ደረቴን ከነፋሁ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም። በዚህ መሐል ያ መጥፎ ሐሳብ መጣ። ምናልባት አምስቱ ዝም ብለው ይሆናል፤ ምናልባት ጎማው የሚወልቀው በስምንቱ ነው። የመፍቻውን ራስ ቀየርኩና በነፋስ የሚሠራውን አነሳሁ። አንደኛው ዳዶ ጥርር ብሎ ወጣ። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! ተንበርክኬ፣ ፊቴን ከቸርኬው ስንዝር በማትሞላ ርቀት ላይ አድርጌ፣ ሁለተኛው ላይ ደገንኩ።

«ቆይ!»

የጋራዥ ጫጫታ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ጆሮዬ ከለመደው ቆይቷል፤ ሰው በእንግሊዝኛ «ስቶፕ» ቢል ለሌላ ሰው ነው ብዬ ሥራዬን የምቀጥል ይመስለኛል። «ቆይ» ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ያስቆመችኝ ቃል ነው። ጣቴ ራሱን አነሳ።

ዞር ስል ጋሼ ቡናቸው ሸሚዛቸው ላይ ፈስሷል። ወደ እኔ አልሮጡም። በእጃቸው ብቻ፣ ወደ ጎን፣ ከቸርኬው ፊት ዞር በል አሉኝ። ዞር አልኩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ነፋሱ ወጥቷል?»

አልወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ቸርኬ አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። እንደ ሁለት ሳህን ግራና ቀኝ ሆኖ ጎማውን መሐል አቅፎ ይይዛል። ሁለቱን ሳህኖች አንድ ላይ የያዙት እነዚያ ስምንት ዳዶዎች ናቸው። ወታደሩ ጫካ መሐል ያለ ማሽን፣ ያለ ፌሮ ጎማ እንዲቀይር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ነፋስ ማውጣት፣ ስምንቱን መፍታት፣ ሳህኑን ማንሳት፣ አለቀ። መጀመሪያ ላይ የወጡት ጂፖች ግን የተለመደው አንድ ወጥ ቸርኬ ነበራቸው፤ ይህኛው የመጣው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ጎማው እንደተነፋ ስምንቱን የፈታ ሰው፣ ሁለቱን ሳህኖች በሙሉ ኃይሉ የሚገፋውን ነፋስ ነው የሚፈታው። ማታ ቤት ገብቼ በደፈናው አሰላሁት። የዚያ ጎማ አንድ ጎኑ ስፋቱ ወደ 400 ካሬ ኢንች ይሆናል። በእያንዳንዱ ኢንች ላይ 35 ፓውንድ። 14 ሺህ ፓውንድ መጣ፣ ከ6 ቶን በላይ። ግማሹን ጎማው ራሱ ቢችለው እንኳ፣ የቀረው 3 ቶን የሚገፋው የውጪውን ሳህን ነው። ከሳህኑ ፊት ለፊት ደግሞ የኔ ፊት ነበር። እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

የሚያናድደኝ እኮ፣ ይህን አደጋ የማላውቀው ሆኖ አይደለም። መርካቶ አለቃዬ የከባድ መኪና ጎማ ሲነፉ፣ ያንን በቸርኬው ጠርዝ የሚገባውን የብረት ቀለበት ወደ መሬት ይደፉታል፣ ሰንሰለት ይጠመጥሙበታል፣ እኔን ከፊቱ ያባርሩኛል። «ቀለበት ዘመድ አያውቅም» ይሉኝ ነበር። አሜሪካም ለከባድ መኪና የዚህ ዓይነት ቸርኬ እ.ኤ.አ. በ1980 የሥራ ደህንነት ደንብ አውጥታለች፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ካልሆነ አይነፋም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ብቻ እኔ የማውቀው ትልቁን፣ ባለ ቀለበቱን ነው። ይቺ ትንሽ ጂፕ፣ የአሻንጉሊት በምታክል ጎማ፣ ያንኑ ነገር ትይዛለች ብዬ አልጠረጠርኩም።

አምስቱ ለምን እምቢ አሉ? ጋሼ መፍቻውን ወስደው ወደ ቀኝ አዞሩት። እኛ «ማጥበቅ» በምንለው አቅጣጫ። ዳዶው ጢቅ ብሎ ተፈታ። በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች ጥርሳቸው ግራ ነው! አይሱዙ ላይ ስንቱን ባለ ግራ ጥርስ ፈትቻለሁ። እና ዘይት እየረጨሁ፣ በእግሬ እየቆምኩ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሳጠብቀው የነበርኩት እኔ ነኝ። ኤልሳልቫዶሩ ልጅ ጥርሱን ማሳየት ጀምሮ ነበር፤ ጋሼን አየና ተወው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በወጉ ሆነ። ጋሼ ከጎን ቁጢጥ ብለው የቫልቩን ውስጠኛ መርፌ ነቀሉት። ነፋሱ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቀጥኖ አለቀ። እሳቸው ግን አላመኑትም፤ ቀጭን ሽቦ አውጥተው ቫልቩ ውስጥ ሰደዱ። ቆሻሻ ደፍኖት ዝም ብሎ ሊሆን ይችላል አሉኝ። ይቺን እኔ አላውቃትም ነበር።

ሳህኑ ሲነሳ ግን ተራው የኔ ሆነ። ከአሮጌው ጎማ ውስጥ የወጣው ከመነዳሪ አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል። የሳሳው ቦታ አራት ማዕዘን ነው፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ጋሼ «ይሄ ጎማ በየጊዜው ይተነፍስብኛል፣ ሚስማር ፈልጌ አላገኘሁም» አሉ። እጄን በጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዙሪያውን ሰደድኩት፤ አለቃዬ እንዳስተማሩኝ፣ በመዳፍ፣ ዓይን ጨፍኖ። አገኘሁት። ከፋብሪካ ሲመጣ የተለጠፈ ወረቀት። ደርቆ፣ ጠርዙ ተነስቶ፣ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ከመነዳሪውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሞርደው ኖሯል። ዓይናቸው ፈጠጠ። አዲሶቹን አምስት ጎማዎች አየናቸው፤ ሁሉም ውስጥ ወረቀት አለ። በጥፍሬ ልጬ፣ ሙጫውን በጨርቅ ጠርጌ ጨረስኩት።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ፓውደር ነሰነስኩ፣ ከመነዳሪው እንዲንሸራተት። ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ጥቂት ነፋስ ሰጠሁት፤ ባዶውን የገባ ከመነዳሪ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ደግሞ በእጥፋቱ ይቀደዳል። ፍላፑን አስተካከልኩ፣ ቫልቩን ቀጥ አድርጌ አወጣሁ፣ ሳህኑን ገጠምኩ፣ ስምንቱን እየተሻገርኩ አጠበቅኩ። በፍርግርጉ ውስጥ፣ በረጅም ቱቦ፣ ከጎን ቆሜ ነፋሁ። ከዚያ መልሼ ሙሉ በሙሉ አስተነፈስኩና እንደገና ነፋሁት። ልጁ «አብደሃል?» አለኝ። ከመነዳሪው ውስጥ የቀረ መጨማደድ ካለ በመጀመሪያው መተንፈስ ይፈታል። ይሄንንም መርካቶ ነው የተማርኩት፤ አለቃዬ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ በኩርኩም ብቻ።

አምስቱን ጨርሰን ስናነሳ መሽቶ ነበር። ጋሼ በቡና የራሰ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ሂሳብ ከፈሉ፣ «ስንት ነው?» ብለው፣ በአማርኛ።

ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ለዘይት። እነዚህ አሮጌ የጦር መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ስለ ቀለም ቀልድ አያውቁም፤ አረንጓዴው ትንሽ ከደመቀ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጎንበስ ብዬ ቸርኬውን ሳይ ስምንቱ ዳዶዎች ቀይ ተቀብተዋል። ሌላውን ጎማ አየሁ። እሱም። ተጠባባቂው ሳይቀር። ስምንት ጊዜ አምስት፣ አርባ ቀይ ዳዶ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጂናል ነው እንዴ?» አልኳቸው።

ፊታቸውን አጨማደዱ። «አይደለም» አሉ። «ግን ዘይቱን የምትቀይረው አንተ ነህ አሉኝ።»