ማንም ያልወሰዳቸው ወፍጮዎች
ቅዳሜ ከእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ በባቡር ተነስቼ ግሪንድልፎርድ ጣቢያ ወረድኩ። ከመድረሳችሁ በፊት ቶትሊ የሚባል ዋሻ አለ፣ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ጨለማ ብቻ። ከዚያ ድንገት ቅጠል።

የጫካው ስም ፓድሊ ጎርጅ ነው። በመሃሉ በርቤጅ ብሩክ ይወርዳል፣ ስፋቱ የጅረት ነው፣ ጩኸቱ ግን የትልቅ ወንዝ። ኦክ የሚባሉት ዛፎች ጠማማ ናቸው፣ ቋጥኙም ግንዱም አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል። የወደቁ ግንዶች ላይ መንገደኛው ሁሉ ሳንቲም በድንጋይ እየቀጠቀጠ ሰክቷል፣ ለዕድል ነው አሉ። እኔም ኪሴን ዳበስኩ፣ ያለኝ ካርድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሳየው «የሰው እጅ ያልነካው ጫካ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አንዳንዱ ዛፍ ከአንድ ጉቶ ሦስትና አራት ሆኖ ነው የወጣው፣ ልክ እንደተቆረጠ ባሕር ዛፍ። ድሮ ለከሰል እየቆረጡት መልሶ ሲያቆጠቁጥ ኖሯል። ቁልቁለቱ ላይ እንደ አውድማ የተደለደለ ክብ ቦታ ካገኛችሁ ከሰል ይከሰልበት የነበረ ነው። እንደኔ እንደኔ ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ስለሚፈለግ ነው፤ የማይፈለግ ቢሆን መንጥረው በግ ያሰማሩበት ነበር።

ከወንዙ ወጥታችሁ ዳገቱን ወደ ቦልሂል የድንጋይ ካባ ስትወጡ ደግሞ ወፍጮ ነው። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ ተጠርበው፣ ክብ ሆነው፣ መሃላቸው ተበስቶ፣ ተደርድረው የቀሩ ብዙ የወፍጮ ድንጋዮች፣ ሣርና ፈርን የዋጣቸው። ጠራቢው ጨርሷቸዋል፣ ገዢ ነው የጠፋው። የዚህ አገር ድንጋይ ዱቄቱን ያጠቁረዋል፣ ሰው ነጭ ዳቦ ሲለምድ ወፍጮ ቤቶቹ የፈረንሳይ ድንጋይ መረጡ፣ በኋላ ደግሞ እህሉን በሚሽከረከር ብረት የሚፈጭ ሮለር መጣና ነገሩ አበቃ። አሁን ያ ያልተሸጠ ድንጋይ ይህ ጫካ የሚገኝበት የፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ አርማ ሆኗል። ይገርማል አይደል?

ካባው ራሱ ግን ሥራ አልፈታም ነበር። ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሃውደንና የደርወንት ግድቦች ሲሠሩ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ድንጋይ ከዚህ ወጥቷል፣ ጋሪው ቁልቁል የሚወርድበት ሐዲድ የነበረበት መስመር ዛሬም በዛፎቹ መሃል ቀጥ ብሎ ይታያል። አሁን እዚያ መስመር ላይ የምትሰሙት የወፍ ድምፅ ነው። በጸደይ ከምዕራብ አፍሪካ ድረስ በርራ እዚህ ጫካ የምትፈለፍል ትንሽ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለች። አላየኋትም፣ ሰኔ ላይ እመለሳለሁ።

አንዱ ወፍጮ ላይ ተቀመጥኩ። ይቀዘቅዛል፣ ጫፉ ላይ የመሮው ምልክት ገና በጣት ይዳሰሳል። በመሃል ቀዳዳው ቀጭን ዛፍ በቅላ ቁመቷ እኔን አልፏል። እሷን ሳይ ባቡሩ አመለጠኝ።