«2 ሰከንድ ደረስኩ» ያልኩበት ሳምንት

ካለፈው ጽሑፌ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ከተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ አጥርቶ የሚያይ ማይክሮስኮፕ እጄ ላይ ስለሌለ የምሠራው ያው በላፕቶፕ ሲሙሌሽን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በወረቀት።

አዲስ ለገባችሁ፦ በተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖ ሜትር ግድም በታች የተጠጋጉ ሁለት ነጥቦች አንድ መስለው ይታያሉ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1873 እ.ኤ.አ. ያሰፈረው ገደብ ነው። የመስከረም ችቦ ማዶ ጋራ ላይ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ሲበራ ከሩቅ አንድ እሳት ነው የሚመስለው። ተራ በተራ ቢበሩ ግን የእያንዳንዱን መሀል ለይቶ መጠቆም ይቻላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የመጡት ፓልም (PALM) እና ስቶርም (STORM) የተባሉት የማይክሮስኮፕ ዘዴዎች የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ ናሙናው ላይ ያሉት አብሪ ሞለኪውሎች ብልጭ ድርግም ሲሉ በሺህ የሚቆጠር ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ይነሳና ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ጣጣው ጊዜ ነው። የእኔ 10,000 ፍሬም፣ እያንዳንዱ 20 ሚሊ ሰከንድ፣ 200 ሰከንድ ይፈጃል። ሕያው ሕዋስ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

በሲሙሌሽኑ ውስጥ በሰከንድ 5 ናኖ ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ ክር ሠራሁ። በየፍሬሙ የሚበሩትን ሞለኪውሎች አምስት እጥፍ ሳበዛ 2,000 ፍሬም በቃኝ፤ 40 ሰከንድ። ከዚያ ብልጠት መጣብኝና የሚደመሩትን 2,000 ፍሬሞች መስኮት በ100 በ100 ፍሬም እያንሸራተትኩ በየ2 ሰከንዱ አንድ ምስል አወጣሁ። ቪዲዮው እንደ ውሃ ይፈሳል! «2 ሰከንድ ደረስኩ» ብዬ ባሕር ዳር ላለ ወዳጄ ላክሁለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «አንተ፣ ክሩ ምነው እንዲህ ወፈረ?»

እውነቱን ነው። እያንዳንዱ ምስል አሁንም የ40 ሰከንድ ድምር ነው፤ በዚያ ጊዜ ክሩ 200 ናኖ ሜትር ሄዷል። ዞሮ ዞሮ አቤ ደጃፍ። ማንሸራተት ቪዲዮውን ያለሰልሰዋል እንጂ የጊዜ ጥራቱን አይጨምርም።

አሁን የፍሬሙን ጊዜ ወደ 5 ሚሊ ሰከንድ አውርጄዋለሁ፤ ድምሩ 10 ሰከንድ፣ ውፍረቱም ወደ 50 ናኖ ሜትር ግድም። ጊዜው ሲያጥር የሚሰበሰበው ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ያኔ ግን የነጥቡ ስህተት እጥፍ ይሆናል፤ የእኔው ከ10 ወደ 20 ናኖ ሜትር ወጣ። ለሚንቀሳቀስ ነገር ይህን እመርጣለሁ። በእውነተኛ ሙከራ ሌዘሩን አጠንክሮ ማካካስ ይቻላል፤ ሕዋሱን ግን ይጎዳል።

እስካሁን ያልተፈታልኝ መጠጋጋቱ ነው። ሁለት ክሮች በ150 ናኖ ሜትር ሲራራቁ ኮዴ ባንዴ የበሩ ሁለት ብልጭታዎችን እንደ አንድ ቆጥሮ መሀላቸው ላይ ያስቀምጣል፤ የሌለ ሦስተኛ ክር ይወለዳል። ሁለት ሦስት ነጥብ ባንዴ የሚፈልግ ኮድ ጀምሬያለሁ። የውሸቱ ክር ደብዝዟል፣ አልጠፋም። ትናንት ማታ ስሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ።